እትዬ አሳየሽ ያዩት ቢጫ

በሶዶ ገበያ ቅቤ የምትሸጥ ሴት ሁሉ ዓይኗ ስል ነው፤ እንደ እትዬ አሳየሽ ያለ ዓይን ግን አላጋጠመኝም። ቅቤው የተጠቀለለበትን የእንሰት ቅጠል ገለጥ አድርገው አንድ ጊዜ ካዩ ይበቃቸዋል። ማሽተት፣ በጣት ጫፍ መቅመስ የለም። «ይሄ የቤሌ ነው፣ ላሟ ደረቅ ሣር ነው የበላችው። ያኛው ከዳሞታ ሥር የመጣ ነው፣ ዛሬ ሦስት ቀኑ» ይላሉ። ባለቅቤው ሊከራከር አፉን ሲከፍት እሳቸው ወደሚቀጥለው አልፈዋል። ለእኛ ቢጫ አንድ ቀለም ነው። ለእሳቸው ከነጣው የበጋ ቅቤ እስከ ደማቁ የመስከረም ቅቤ ድረስ ሰባት ስምንት ዓይነት ነበር።

ዛሬ ስማቸው ሲነሳ ሰው «የወፏ ሴትዮ» ይላቸዋል፤ አንዳንዱም ጭራሽ ያማትባል። ይህ ያናድደኛል። ያን ስም ያተረፍኩላቸው እኔ ነኝ፤ እኔ ኤርካሎ፣ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪው፣ የአጥር ጎረቤታቸው። ስለዚህ በጽሑፌ መሀል ቁጣ ቢያመልጠኝ፣ ከሌላው ይልቅ በራሴ ላይ መሆኑ ይታወቅልኝ።

እትዬ አሳየሽ የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩት የአቶ ወልደመስቀል ሚስት ነበሩ። ባላቸው ልጅ ሳይሰጧቸው ሞቱ። እሳቸውም ወደ ዘመድ አገር ከመመለስ ቅቤ መነገድ መረጡ። በቤታቸው አማርኛ ተናጋሪ፣ ጾም አጥባቂ ነበሩ። ወላይትኛቸው የገበያ ነበር፤ ዋጋ ለመከራከርና ለመሳደብ አይጎድልባቸውም፣ ከዚያ በላይ ግን አይሄድም። እኔ ደግሞ የሻንቶ አካባቢ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ አማርኛን በትምህርት ቤት በኩርኩም ነው የተማርኩት። በኩርኩም የተማረ ሰው ደግሞ ሌላውን ማረም ይወዳል።

በ1951 ዓ.ም. ከከተማው ዳር አንዲት የውጭ አገር ነርስ የምትመራት ትንሽ ክሊኒክ ነበረች። ነርሷ ቅቤ የምትገዛው ከእትዬ አሳየሽ ነበር፤ ኋላም ልብስ እንዲያጥቡላት ቀጠረቻቸው። አንድ ቀን ጠዋት አንሶላ ሲያሰጡ፣ በእናቱ እቅፍ ያለ የሁለት ቀን ሕፃን አይተው ቆም አሉና፣ «ይህ ልጅ ትናንት የበጋ ቅቤ ነበር። ዛሬ የመስከረም ሆኗል» አሉ። ነገሩ ሲተረጎምላት ነርሷ ሳቀች። ከዚያ ልጁን ወደ ብርሃን አምጥታ አየችና ሳቋን አቆመች። ያ ልጅ በመስታወቱ መስኮት ሥር ራቁቱን ፀሐይ እየሞቀ፣ ጡት ደጋግሞ እየጠባ በሳምንቱ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲያ አንሶላውን ሌላ ሴት አጠበችው። እትዬ አሳየሽ ሥራቸው ማየት ሆነ። ነርሷ ያስተማረቻቸው ብዙ አልነበረም። የብዙ ሕፃን ገላ በሦስተኛው ቀን ግድም ቢጫ ይላል፤ አብዛኛው በራሱ ይለቃል። የጥቂቱ ግን አይለቅም፤ እየባሰ ሄዶ ልጁን ይገድላል ወይም ዕድሜ ልኩን ያሰናክለዋል። ችግሩ በሦስተኛው ቀን የትኛው የትኛው እንደሆነ በእርግጥ ማወቅ አለመቻሉ ነው። በአውራ ጣት ግንባሩን ጫን አድርጎ መልቀቅ፣ ከዚያ ደረቱን፣ ሆዱን፣ ጉልበቱን፤ ቢጫው ወደ ታች በወረደ ቁጥር ያሰጋል። ይኸው ነው ትምህርቱ።

ማየቱ ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። የእኛ አራስ ከግርዶሽ ጀርባ፣ ጨለማ ውስጥ ነው የምትተኛው፤ ገንፎ በቅቤ እየበላች፣ ልጁ በቡልኮ ተጠቅልሎ። ጨለማ ቤት ውስጥ ሁሉም ልጅ አንድ መልክ ነው። ወደ በር ይውጣ ሲባል ደግሞ አያት ትነሳለች፤ ዓይን ያርፍበታል ትላለች። እትዬ አሳየሽ መላ አበጁ። ቤት ያለውን ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞሩታል። «ከእኔ በቀር የሚያየው የለም፤ የእኔን ዓይን ደግሞ ቅቤ አደንዝዞታል» ይላሉ። ልጅ የዳረ ሽማግሌ እንደ ተቀጣ ተማሪ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሲቆም አይቻለሁ።

ቢጫው ከደረት ከወረደ ለቤተሰቡ ወደ ክሊኒኩ የሚልክ ወረቀት ይሰጣሉ። እሳቸው አይጽፉም። ልጁን ካዩ በኋላ እኔ ዘንድ ብቅ ይሉና፣ «አንተ መምህር፣ ጻፍልኝ» ብለው ይጠሩኛል። «እስከ ሆዱ፣ የጥቅምት ቅቤ። በደንብ ይጠባል» ይሉኛል፤ እኔ እጽፋለሁ። ነርሷ ይህን የቅቤ ቋንቋ ለምዳው ነበር፤ የጥቅምት ሲባል ምን ያህል እንደሆነ ታውቃለች። በሁለት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ልጆች በዚህ ወረቀት ሄደዋል።

እኔን ግን ያሳፍረኝ ጀመር። የእኔ እጅ ጽሑፍ፣ ለሕክምና ቤት፣ ስለ ቅቤ! በ1953 ዓ.ም. አንድ ቀን፣ «እትዬ፣ ይህ ነገር እኮ በሥርዓቱ ሲጻፍ ስም አለው። የወፍ በሽታ ይባላል» አልኳቸው።

«እሱስ የትልቅ ሰው በሽታ ነው። ይሄ ሕፃን አልታመመም እኮ፤ ይታይ ነው ያልኩት» አሉ።

«በሽታ ካልሆነ ለምን ሕክምና ቤት ይሄዳል?» አልኩና በትምህርቴ ረታኋቸው። ጻፍኩት። የዚያ ቀን ወረቀት የባዳቾ ልጅ ነበር።

ባዳቾ በቦምቤ መንገድ ዳር ዝንጅብልና ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር የሚያለማ ገበሬ ነው። ሚስቱ አስካለች የመጀመሪያ ወንድ ልጇን ከወለደች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ልጁ ጡት ይጎትታል፣ ያለቅሳል፤ ቢጫው ግን ሆዱ ላይ ደርሷል። ባዳቾ ልጁን ለአስካለች አሳቅፎ፣ ወረቀቱን ይዞ ወደ ክሊኒኩ ተነሳ። መንገድ ላይ ቦልቴ የተባለ ጨው ነጋዴ አገኛቸው። ቦልቴ ፊደል የቆጠረ ሰው ነው፤ ወረቀት ሲያይ ማንበብ አለበት። ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው፤ የወፍ በሽታ።

ካፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። በእኛ አገር የወፍ በሽታ የያዘው ሰው መርፌ ከተወጋ አይተርፍም ተብሎ ይታመናል። ማንም ያውቀዋል፤ እኔም ልጅ ሆኜ ሰምቼዋለሁ፤ ስጽፍ ግን ትዝ አላለኝም። ክሊኒክ ማለት ደግሞ ለባዳቾ የመርፌ ቤት ነው። ቦልቴም በደግነት፣ «ወፍ ይዞት ወደ መርፌ ትወስደዋለህ? ለወፍ የሚሆን ቅጠል አዋቂ አለ» አለው። እዚያው መንገድ ላይ ተመለሱ። አዋቂው የሦስት ቀን ሕፃን ክንድ በጋለ ብረት ተኮሰ፤ የመረረ የቅጠል ጭማቂ በአፍንጫውና በአፉ አንጠባጠበ። ልጁ በማግሥቱ መጥባት አቆመ። በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ነርሷ ስትሰማ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። «በደንብ የሚጠባ ከሆነ በራሱ ይለቀው ነበር ይሆናል» አለች። ይሆናል አለች እንጂ አላረጋገጠችም። ያቺ «ይሆናል» እስከ ዛሬ ታቃጥለኛለች።

ለቅሶው ቤት እትዬ አሳየሽና እኔ አብረን ሄድን። ባዳቾ ከሰው መሀል ብድግ አለ። «አንቺ ነሽ ወፍ የጠራሽ!» አላቸው በዚያ በተሰበረ አማርኛው። «ልጄ ደህና ነበረች። ጡት ትጠባ ነበር። ወረቀትሽ ገደለው።» እኔ ከኋላቸው ቆሜአለሁ። ቃሉ የማን እንደሆነ ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ የለም። ዞር ብለው ቢያዩኝ ይበቃ ነበር፤ ሰው ሁሉ ይገባው ነበር። አላዩኝም። «እግዜር ያጽናችሁ» ብለው ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። እኔ ፈሪው ለባዳቾ ስል የቆየሁ መስዬ ቁጭ አልኩ፤ ንፍሮም በላሁ።

ወሬው በሳምንት ውስጥ ከተማውን አዳረሰ። አራስ ያለችበት ቤት ሁሉ በሩን ዘጋባቸው። መምህሩ የቀለም ሰው ነው፣ ምክር አያጣም ብለው ነው መሰለኝ እትዬ አሳየሽ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እኔ ዘንድ መጡ።

«ምን ይሻለኛል፣ መምህር?»

ወረቀት አወጣሁና ሒሳብ ሠራሁላቸው። ወደ ክሊኒክ ከሄዱት አሥራ አንድ ልጆች፣ ነርሷ እንዳለችው፣ ዘጠኙ ባይሄዱም ደህና ይሆኑ ነበር። አንዱ በእርግጥ ድኗል። አንዱ ሄዶም ሞቷል። አሁን ደግሞ ጤነኛ ሳይሆን የማይቀር ልጅ በቃል ብቻ ሞተ። «እንግዲህ ትርፉ አንድ፣ ኪሳራው አንድ። የዘጠኝ ቤት ጭንቀት ሲጨመርበት አይበልጥም?» አልኳቸው።

«አንዱ የዳነው ለእናቱ ስንት ነው?» አሉ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል እኮ» አሉ ደግሞ።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል» አልኩ እኔ። ተረት በተረት መለስኩላቸው። እውነቱን ለመናገር ለሕፃናቱ ተጨንቄ አልነበረም። እሳቸው ማየታቸውን ከቀጠሉ የዚያ ወረቀት ጸሐፊ ማን ነው የሚለው አንድ ቀን ይነሳል ብዬ ፈርቼ ነው። ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ጠርተው ያስገቧቸው ጥቂት ቤቶች ቢኖሩም፣ ልጁን አይተው «ጡት አብዝታ ትስጠው» ብቻ ይሉ ነበር።

በ1954 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ሚስቴ ፋንታዬ ሴት ልጅ ወለደች። ሣራ አልናት። በሦስተኛው ቀን እትዬ አሳየሽ ሳይጠሩ መጡ። ልጅቷን ወደ በር አወጧት። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አላዞርኩም፤ የተማርኩ ሰው አይደለሁ! ግንባሯን ነኩ፣ ደረቷን፣ ሆዷን፣ ጉልበቷን። እግሯ ላይ ሲደርሱ ቆዩ። ውስጥ እግሯን ሁለት ጊዜ ጫን አድርገው ለቀቁ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «መምህር» አሉኝ።

«ደህና ናት አይደል?» አልኳቸው።

ጥያቄ አልነበረም። ተማሪ ሊሳሳት ሲል አስቀድሜ የማስፈራራበት ድምፅ ነበር። ልጅቷን ጠቅልለው ለእናቷ መለሱና፣ «ጡት ደጋግማ ትስጣት። መስኮቱንም ክፈቱላት» ብለው ሄዱ። በማግሥቱ ወንፊት ልዋስ ብለው ተመለሱ። እሳቸው ወንፊት እንዳላቸው አውቃለሁ። ፋንታዬን፣ «ትጠባለች?» ብለው ጠየቋት።

«እንቅልፍ ታበዛለች እንጂ ደህና ናት» አለቻቸው።

ወንፊቱን ሳይዙ አጥሩ ጋ ቆመው ከትምህርት ቤት እስክመለስ ጠበቁኝ። «ልጅቷን ክሊኒክ ብታሳያት…» አሉ።

«እትዬ፣ ጨርሰነው አልነበረም እንዴ?» አልኳቸው። ይህንኑ ነው ያልኩት። ዞረው ወደ ግቢያቸው ገቡ።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ሣራን አንገቷ ወደ ኋላ ተቆልምሞ አገኘናት። ጩኸቷ የሰው ልጅ አይመስልም ነበር፤ ቀጭን፣ የማያቋርጥ። ይዘን ሮጥን። ነርሷ የምታውቀውን ሁሉ አደረገች። ነፍሷ ተረፈች። ጆሮዋ ግን አልተረፈም፤ እጆቿና አንገቷም ድርቅ ብለው ቀሩ። ነርሷ፣ «ቢጫው ወደ አንጎሏ ገብቷል» አለችኝ።

«ሁለት ቀን ቀደም ብዬ ባመጣት ኖሮስ?»

«ልትድን ትችል ነበር። ላትድንም ትችል ነበር።»

ከክሊኒኩ ስመለስ እትዬ አሳየሽን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ሰው በተሰበሰበበት ጮኽኩባቸው። «አይተው ነበር! እግሯን ሲያዩ አይቼዎታለሁ! ለምን አልነገሩኝም?» አልኩ። ባዳቾ ያላቸውን ነገር እኔ በጥሩ አማርኛ ደገምኩት። አሁንም ሁለት ቃል ቢናገሩ እኔን ለማዋረድ በቂ ነበር። «ዝም በይ ያልከኝ አንተ ነህ» ማለት ይችሉ ነበር። አላሉም። አቀርቅረው ሰሙኝ። ያን ዕለት «የወፏ ሴትዮ» የሚለው ስም ላይመለስ ተለጠፈባቸው።

በሦስተኛው ወር፣ አንድ እሮብ፣ በእጃቸው ለጋ ቅቤ ይዘው መጡ። ፋንታዬ በሩን ልትዘጋባቸው ፈልጋ ነበር፤ አልዘጋችውም። ሣራን ጭናቸው ላይ አስተኝተው የደረቀ ክንዷን በቅቤ ያሹላት ጀመር። ቀስ እያሉ ያጥፉታል፣ ቀስ እያሉ ይዘረጉታል። ከዚያ በኋላ እሮብ አልቀረባቸውም። ጾማቸውን ሳይፈቱ ይመጣሉ፤ ሳይበሉ ይሄዳሉ። ሰባት ዓመት ሙሉ። ልጅቷ ሌላ ሰው ሲነካት ትወራጫለች፤ እሳቸው ሲይዟት ክንዷ ይፈታል። በአምስት ዓመቷ ማንኪያ ያዘች። እኔ የዚያን ቀን ጓሮ ገብቼ አለቀስኩ። ላመሰግናቸው ፈልጌ ስለ ዝናብ አወራሁ።

በ1961 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ታመሙ። አልጋቸው አጠገብ ተቀመጥኩ። የልቤን የተናገርኩት ያኔ ነው፤ ወረቀቱን፣ ሒሳቡን፣ አጥር ላይ ያልኳቸውን ሁሉ። ሲሰሙኝ ቆይተው፣ «እኔም አለሁበት። ቁጣህን ፈራሁ» አሉ። «ልጅቷ እንደምትጎዳ ልቤ እየነገረኝ፣ ቁጣህን ፈራሁ። ባልናገር ትድናለች ብዬ ለራሴ ዋሸሁ።»

«ቢነግሩኝም አልሰማም ነበር፣ እትዬ።»

«መናገር ነበረብኝ» አሉ። «ሁሉም ይደንግጥ፤ ዘጠኙም ይደንግጥ። ግን በሽታ ነው አልልም ነበር። ያየሁትን ብቻ እናገር ነበር።» ከዚያ ደከሙና ዓይናቸውን ጨፈኑ። በሁለተኛው ቀን አረፉ።

ቀብራቸው ላይ ሰው ትንሽ ነበር። ከተቀበሩ በኋላ፣ እኔ ሁልጊዜ የምዘገይ ሰው ነኝና፣ ባዳቾ ቤት ሄጄ ያን ቃል የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኩት። እንዲሰድበኝ፣ እንዲመታኝም ጠብቄ ነበር። ዝንጅብሉን ከሚያደርቅበት ሸራ አጠገብ ቆሞ ሰማኝ።

«መምህር፣» አለኝ በመጨረሻ፣ «ያ ሴትዮ ሲሞት እኛ ለቅሶ አልሄድንም።» ወደ ቤት ገባና በሩን ዘጋው።

ሣራ አሁን ሰባት ዓመቷ ነው። ሞት ምን እንደሆነ አታውቅም፤ እኔም በእጅ ምልክት እንዴት እንደሚነገር አላውቅም። ከቀብሩ በኋላ ሦስት እሮብ ደጅ ተቀምጣ እጅጌዋን ወደ ላይ ሰብስባ ጠበቀች። በአራተኛው እሮብ ቅቤ ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩና ክንዷን ያዝኩ። ፊቴን አየችው። ከዚያ ክንዷን እንደምንም ከእጄ አስለቅቃ እንደገና ወደ መንገዱ ዞረች።